መኪናው እስኪሞቅ

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ልብስ አጠብኩ። ገመዱ ላይ ሳይደርቅ ፀሐይ ሄደች። አሁን ወንበሮቹ ሁሉ ልብስ ለብሰው እንግዳ መስለዋል። ሽንኩርት አልቆ ነበር፤ ያለ ሽንኩርት ሠራሁ። ለአንድ ሰው ምን አለበት…

ጠዋት የመኪናው መስታወት ላይ አመዳይ ነበር። በሳህን ክዳን ፋቅኩት። ብርድ ገባ ማለት ነው። ለነገ ብዬ ማሞቂያውን ሞከርኩት። ነፋሱ ይመጣል፣ ሙቀቱ የለም። ሞተሩ ገና ስላልሞቀ ይሆናል።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

አልሞቀም።

እታለምን ለኩላሊት እጥበት አድርሼ መለስኩ። ማክሰኞና ዓርብ፣ ማክሰኞና ዓርብ… ባሌ በሕይወት እያለ የሚያደርሳቸው እሱ ነበር። እህቱ ብቻ አይደሉም፣ አሳዳጊውም ናቸው። ከየካቲት ወዲህ እኔ ነኝ። በሙቀቱ ወራት ችግር አልነበረም፣ መስኮት ከፍተን ነበር የምንሄደው።

እጥበቱ ሲያልቅ ደማቸው ብርድ ይዞ የሚመለስ ይመስላል። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው፣ የኔንም ካፖርት ደረብኩ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግማሹ ከከተማ ውጪ፣ ገላጣ ሜዳ።

"ሙሽሪት፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ የሥጋ ማቀዝቀዣ?"

"ትንሽ ይታገሡኝ እታለም፣ አሁን ይሞቃል።"

"እሱ እያለ ይሞቅ ነበር።"

 እውነት ነው፣ ይሞቅ ነበር።

ሙሽሪት የሚሉኝ እስከ ዛሬ ነው። እኔም እታለም ያልኳቸው ያኔ፣ በሙሽርነቴ። ሙሽራው ሄዶ ስሞቹ ቀሩ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ጋራዥ። መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ "ይደርሳል" ነው የሚለው። ምን ቢጠየቅ መልሱ እሱ ስለሆነ። የባሌ ወዳጅ ነበር፤ መኪናዋን ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃታል።

"ምን ሆነች እናቴ?"

"ነፋሷ አለ፣ ሙቀቷ የለም።"

"ወሬ ብቻ በሉኛ፣ እንደ ደላላ።"

ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳ። ወደ ውስጥ የሚገቡ ሁለት የጎማ ቱቦዎችን በእጁ ያዘ። እኔንም አስያዘኝ። አንዱ ትኩስ፣ አንዱ ቀዝቃዛ።

"ውሃው ገብቶ አይወጣም። ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች።"

"ትንሿ የቷ ናት?"

"ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለችው። ትልቋ ሞተር ታቀዘቅዛለች፣ ትንሿ ሰው ታሞቃለች። የሚጠጡት ግን አንድ ውሃ ነው።"

በውሃ ግፊት አጠባት። መጀመሪያ የወጣው እንደ ሻይ የቀላ ዝገት ነበር። ከዚያ ጠራ። ሁለቱም ቱቦ ሞቀ። ደስ አለኝ። "ለነገ ይደርሳል አላልኩዎትም?" አለ። ለዛሬ ነበር ያለኝ… ተውኩት።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ከተማ ውስጥ ሞቀ። መብራት ላይ ስንቆም እታለም እጃቸውን ዘርግተው ሞቁ፣ ፈገግም አሉ። ከከተማ ወጥተን ፍጥነት ስጨምር በረደ። ስመለስም እንደዚያው፤ ያውም ከእጥበቱ በኋላ፣ በጣም በሚያስፈልጋቸው ሰዓት።

"ሲቆም ይሞቃል፣ ሲሄድ ይበርዳል። እንግዲህ ቆመን እንዋላ።"

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ቤት ስጠርግ ያቺ ትንሿ ክፍል ውስጥ ቆየሁ። አሁን መጽሐፎቼ ናቸው ያሉባት። ድሮ የእታለም አልጋ ነበር። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት "ቤቱ ጠበበን" ያልኩት እኔ ነኝ። አልጠበበንም ነበር። ሌላ ሴት ድስቴን ስትከፍት ማየት ነው የጠበበኝ። እሱ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። አልጋቸውን ፈታ፣ በጋሪ ጭኖ ወሰደ።

እሳቸውም አንድ ቀን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር? …እንጃ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ በፎጣ ጠቀለልኩ፤ እግራቸው ስር አደረግሁ። መሄጃው ላይ ደህና። መመለሻው ላይ ጠርሙሱም ቀዝቅዞ ነበር። እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጡ። በራቸው ላይ ደግፌ አወረድኳቸው፣ ደረጃውን ወጣን። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ረጋ ብለው፦

"ሙሽሪት፣ ዓርብ አትምጪ።"

"ምነው?"

"በቃኝ። እጥበቱን እችለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብርድ አልችለውም። በሽታው ሳይሆን መንገዱ ነው የሚገድለኝ።"

ታክሲ እንያዝ አልኩ። "አንዴ ወንበሩ ላይ አስመለሰኝ። ሹፌሩ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። በሰው መኪና አልዋረድም።"

ለመንኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ሄድኩ። በሩን አልከፈቱም። ከውስጥ "ደህና ነኝ፣ ተኝቻለሁ" አሉ። ከደረጃው ላይ ቆሜ ቆየሁ… ምን ልበል?

ከሕክምናው ቤት ሲስተሯ ደወለች። "ለምን ቀሩ?" በረዳቸው አልኩ። ሞኝ መሰልኩ። እሷም፦ "እናቴ፣ አንድ ቀን መቅረት ያሳብጣል። ማክሰኞም ከቀሩ ውሃው ሳንባቸው ላይ ይወጣል። እንደምንም ያምጧቸው።"

እንደምንም።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ጋ ሄድኩ። የመኪና ጥገና መጽሐፍ አለህ? ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ልብ ወለድ ጨርሰው ወደ ብረት ገቡ?" ከድንኳኑ ስር ፈልጎ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት መማሪያ አወጣ። ቅባት የጠጣ፣ ሽፋኑ የወለቀ።

ማውጫው ላይ ማሞቂያ የሚል የለም። ሁለቴ አየሁ፣ የለም። ተናድጄ ዘጋሁት። ምሳ በላሁና ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። ማንበብን ራሴን ሳስተምርም እንዲሁ ነበር፤ ሌላ መንገድ አላውቅም። ደግሞ ተገኘ፤ ማሞቂያው ያለው "የሞተር ማቀዝቀዣ" ምዕራፍ ውስጥ ነው። ማን እዚያ ይፈልገዋል?

ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ ነገር አለ። ከሞተሩ ወደ ትልቋ ራዲያተር በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ውሃውን አያሳልፍም። ሲሞቅ በሩን ይከፍታል። ዘበኛው በሩን ከፍቶ ከቀረ ሞተሩ መኪናው ሲቆም ይሞቃል፤ ሲሮጥ ግን ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል…

ይህንን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። እታለም ያሉት እኮ ነው።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ብቻዬን ነዳሁ፤ ሰው ይዤ ሳይሆን መለኪያውን እያየሁ። ስቆም የሙቀት መርፌው ቀስ ብሎ ይወጣል። ገላጣው ሜዳ ላይ ስሮጥ ወርዶ ታች ይተኛል። ስቆም ይነሳል። ስሮጥ ይተኛል። መንገድ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አንዴ ሄጄ፣ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ዞሬ ሲያዩኝ ምን ብለው ይሆን?

እታለምን በመስኮት ጠየቅኳቸው። እግራቸው አብጧል። ጫማ አይገባም። ትራስ ደራርበው ቀና ብለው ነው የተኙት፤ ጋደም ሲሉ ያፍናቸዋል። ለማክሰኞ እመጣለሁ አልኩ። ነይ አላሉኝም። አትምጪም አላሉኝም።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

በጠዋት ጋራዥ ደጃፍ ላይ ጠበቅሁት።

"ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል" አልኩት።

"ማን ነገረዎት?"

"መርፌው።"

ጭንቅላቱን አከከ። ከሞተሩ ላይ ሁለት ብሎን ፈታ፣ የብረት ክዳኑን አነሳ፣ ጣቱን ሰደደ።  ደግሞ ሰደደ።

"ምነው?"

"የለም።"

"ምኑ?"

"ቴርሞስታቱ። ባዶ ነው።"

ማን እንዳወጣው ጠየቅሁት። ክዳኑን በጨርቅ መጥረግ ያዘ። የተጠረገውን ደግሞ ጠረገ።

"እኔ ነኝ እናቴ። ከአምስት ስድስት ዓመት በፊት ትፈላ ነበር። ሲፈላ አውጥተን መጣል ነው፣ ያስተማረኝም ሰው እንደዚያ ነው ያስተማረኝ። የዚህ ከተማ መኪና ሁሉ ቢከፈት ግማሹ ባዶ ነው።"

"ታዲያ እሱ እያለ እንዴት ይሞቅ ነበር?"

ይህንን ስጠይቀው ፊቱ በራ። "ካርቶኑ አለ አይደል? ብርድ ሲገባ ካርቶን ቆርጦ ከትልቋ ራዲያተር ፊት ያስራል፣ ነፋሱን ይከልልባታል። በየዓመቱ ነው እኮ፣ የእህቱ ሕክምና ሳይጀመር ሁሉ። ከፊት ለፊት አላዩም?"

አየሁት እንጂ። አይቼ ጣልኩት።

መጋቢት ላይ መኪናውን ሳጥብ፣ ጭቃ የጠጣ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ በሽቦ ታስሮ። የሞተው በብርዱ ወራት ስለሆነ ሳያወጣው ቀርቶ ነው። እኔ ነፋስ ያመጣው ቆሻሻ መሰለኝ። ሽቦ ታስሮ መቼም ነፋስ አያመጣውም… ያንን እንኳ አላሰብኩም። በመቀስ እየታገልኩ ነው የቆረጥኩት። ያን ቀን "ይህቺን መኪና እንዴት ነበር የያዛት!" ብዬም ነበር፣ እየተማረርኩ።

ለምን አልነገረኝም? …መች ጠየቅሁት። ሞቃት መኪና ውስጥ ገብቶ እንዴት ሞቀ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ይደርሳል አዲስ ቴርሞስታት ይፈልጋል። የመኪናዋ ዕድሜ ብዙ ነው፣ ቶሎ ላይገኝ ይችላል። "እስከዚያ ካርቶን ይሠሩላት። ግማሹን ብቻ ይከልሉ። መርፌውን ግን እያዩ።"

የመጽሐፎቼን ካርቶን ባዶ አደረግሁ። ቆረጥኩ። አሰርኩ። በሽቦ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ከቤት ቀድሜ ወጣሁ። እየነዳሁ አሞቅኳት። እታለም በር ላይ ስደርስ ውስጡ እንደ ዳቦ ቤት ሆኖ ነበር። ደረጃውን ወጣሁ።

"ይውረዱና ይቀመጡባት ብቻ። ካልሞቀዎት መልሼ አወጣዎታለሁ። ሕክምና የሚል ቃል አይወጣኝም።"

"አታታልይኝ፣ ሕፃን አይደለሁም።"

"አላታልልም።"

በነጠላ ጫማ ወረዱ፣ እግራቸው ሌላ አይገባበትም። በየደረጃው እየቆሙ፣ እየተነፈሱ። ተቀመጡ። እጃቸውን ማሞቂያው አፍ ላይ አደረጉ። ቆዩ።

"ማን ሠራው?"

"ወንድምዎ።"

የካርቶኑን ነገር ነገርኳቸው። መጣሌንም ጭምር። እታለም ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። "ልጅ እያለም የቤታችንን መስኮት በካርቶን የደፈነው እሱ ነው። ብርሃን ከለከልከን ብዬ ቆንጥጬዋለሁ።"

ከዚያ የመኪናውን በር ራሳቸው ሳቡና ዘጉት።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ እንጂ፣ ሲስተሯ ትቆጣለች።"

ሲስተሯ አልተቆጣችም። የእጥበቱን ሰዓት አርዝማ ብዙ ውሃ አወጣችላቸው።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ዛሬ ደግሞ ፈላች።

ስንመለስ ቀትር ነበር፣ ፀሐዩ ጠንክሮ፣ ዳገቱ ላይ። ከእታለም ጋር እያወራሁ መርፌውን ረሳሁት። ከኮፈኑ ስር ጭስ። ዳር ይዤ አጠፋኋት። ካርቶኑን በጥሼ አወጣሁት። ክዳኑን አልነካሁም፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። መጽሐፉ ላይ በደማቅ ተጽፏል፦ ትኩስ ራዲያተር አትክፈት፤ የሚከፍት ፊቱን ይጠላል ማለት ነው።

"አንዴ በረዶ፣ አንዴ እሳት። አመሏ ያንቺው ነው" አሉ እታለም። እኔ ተጨንቄ፣ እሳቸው ግን በፀሐዩ በኩል ያለውን መስኮት ከፍተው ተዝናንተዋል።

ለይደርሳል ማታውኑ ደወልኩለት። ተነፈሰ። "ያኔ ትልቋን ራዲያተር ማጠብ ነበረብኝ። የምትፈላው ስለቆሸሸች ነበር። እኔ ዘበኛውን አባረርኩ።" ይምጡና ከሥሩ እንሥራት አለኝ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ያለ ካርቶን፣ በብርድ ልብስና በሙቅ ጠርሙስ ሄድን። አልቀሩም። ብርዱን ሰደቡት፣ እኔን ሰደቡኝ፣ ግን አልቀሩም።

ሲመለሱ ደረጃው ላይ ሦስቴ ተቀመጡ። አፌን ከፈትኩ። ስንት ዓመት ያልወጣኝ ቃል… "እታለም፣ ብርዱ እስኪያልፍ እኔ ቤት ይሁኑ። ትንሿ ክፍል አለች። ደረጃ የለባትም።"

 አልተቆጡም።

"ከዚያ ቤት ስወጣ፣ ተመለሺ ብትባዪ እንዳትመለሺ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።"

"እታለም…"

"አላለቅስብሽም፣ አልረግምሽም። ያኔ ልጅ ነበርሽ። እኔም ድስት ከፋች ነበርኩ። ግን ቃል ቃል ነው። ቤትሽ አልገባም።" በሩን ይዘው ቆሙ። "መኪናው የወንድሜ ነው። በእሱ እሄዳለሁ።"

ቤት ገብቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ይቅር አሉኝ? አላሉኝም? ይህ በየትኛው ምዕራፍ ይፈለጋል…

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ቴርሞስታቱ ተገኘ። ጣቴ ላይ ሚዛን አይደፋም። ትልቋ ራዲያተር ወርዳ ታጠበች፤ ከትንሿ የባሰ ጉድ ወጣባት። ሥራው ሳያልቅ ሰዓት ስለደረሰ እታለምን በይደርሳል የራሱ መኪና ወሰድናቸው፤ ነዳጅ ነዳጅ ትሸታለች፣ ትሞቃለች ግን። "ይሄኛው ጨዋ ነው" አሉ ስለ ይደርሳል። "ሚስት አለህ?" አራት ልጅ አለኝ አላቸው። "አሁን ገና ይደርሳል ለምን እንደሚሉህ ገባኝ።" ጆሮው ቀላ።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ሁሉም ተገጥሞ መኪናዋን ወሰድኩ። በረዶ።  ነፋስ ብቻ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን።

ደወልኩ። አልደነገጠም። "አየር ይዛለች። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገው ዳገት ላይ ያቁሟት። ቀዝቃዛ እያለች ክዳኑን ከፍተው ያስነሷት፣ ማሞቂያውን ሙሉ ይክፈቱ። አየሩ ከፍ ወዳለው ቦታ ይወጣል። ውሃው ሲጎድል ይሙሉ።"

ከቤቴ በታች ያለው ዳገት ላይ አቆምኳት። ጎማው ስር ድንጋይ አደረግሁ። ውሃው ላይ አረፋ ወጣ። ሌላ አረፋ። ከዚያ እንደ ሕፃን ግሣት አንድ ትልቅ… ውሃው ወረደ፣ ሞላሁ። መርፌው መሃል ላይ መጥቶ ቆመ። ሜዳው ድረስ ነዳኋት። መርፌው አልነቃነቅም አለ። ማሞቂያው አፍ ላይ እጄን አደረግሁ። ሞቀ። በሩጫም፣ በቁምም።

ለማን ልንገር? ገላጣው ሜዳ ላይ አቁሜ ትንሽ አለቀስኩ። ስጨርስ ፊቴን ማሞቂያው አደረቀው።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

አንድም ብርድ ልብስ አልያዝኩም። እታለም ሲመለሱ ከከተማ ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አፋቸውን ከፍተው። የከንፈራቸው ቀለም የሰው ከንፈር ቀለም ነበር። ደርሰን እንዳይነቁ ሞተሩን ሳላጠፋ ጠበቅሁ። መጽሐፍ አውጥቼ አነበብኩ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ሲስተሯ እብጠቱ ጠፍቷል አለች። እታለም ጫማ አድርገው ነው የወጡት።

መንገድ ላይ፦ "ሙሽሪት፣ ቀንሺው። ልትቀቅዪኝ ነው?" በጥቂቱ ቀነስኩ። ደግሞ ቀንሺው አሉ። ሹራባቸውን አወለቁ፣ አጣጠፉ፣ ጭናቸው ላይ አደረጉ። በር ላይ ደረስን። አልወረዱም። ቴርሞስ ሻይ ነበረኝ፤ በክዳኑ ቀዳሁላቸው፣ እኔ ከቴርሞሱ ጠጣሁ። ስለ እሱ ልጅነት አወሩልኝ። ከቆነጠጡት ቀን ይልቅ ያልቆነጠጡት ቀን እንደሚቆጫቸው… ምክንያቱን ሳቅ አላስጨረሳቸውም። ስንት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ኖረን እንዲህ አውርተን አናውቅም።

ሊወርዱ ሲሉ ሹራቡን አነሳሁላቸው። ውጪው ይበርዳል አልኩ።

"ደረጃው ስድስት እርምጃ ነው፣ አልሞትም። እዚያው ይቀመጥ፣ ማክሰኞ እፈልገዋለሁ።"

ወደ ኋላ ዞረው ኋላ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። እጅጌው ተገልብጦ ስለነበር አስተካከሉት። ከዚያ ወረዱ።

ቤቴ ደርሼ መኪናዋን አቁሜ ገባሁ። ሹራቡን አላስገባሁትም።